የማሴ ፈርጉሰን 135 አሮጌ ዲናሞ በአልተርኔተር አለዋወጥ

ባለ 3 ሲሊንደር ፐርኪንስ ናፍጣ ሞተርና ሉካስ ሲ40 ዲናሞ ያለው ማሴ ፈርጉሰን 135 ወደ አልተርኔተር ሲለወጥ፣ ከሥራው ሁሉ ቀላሉ አልተርኔተሩን ማሰሩ ነው። አዲሱ አልተርኔተር ብዙ ጊዜ የሚቃጠለው ገና በመጀመሪያው ደቂቃ ነው። ወይ ባትሪው በድሮው አቅጣጫ፣ ማለትም ፖዘቲቩ ከትራክተሩ ብረት (ከቦዲ) ጋር እንደታሰረ ቀርቷል፣ ወይ መካኒኩ በዲናሞ የለመደውን ዘዴ አልተርኔተሩ ላይ ሞክሮበታል። ስለዚህ መጀመሪያ የባትሪው አቅጣጫ፣ ቀጥሎ ማሰሪያውና ቺንጋው፣ ከዚያ ገመዱ፣ በመጨረሻ ሙከራው ይሁን። ማሴ 35 እና 165፣ እንዲሁም ሉካስ ዲናሞ ያላቸው ፎርድሰኖች ላይ የማሰሪያው ቅርጽ ይለያል እንጂ አሠራሩ ያው ነው። የሚከተለው ሁሉ ለ12 ቮልት ትራክተር ነው።

ጋራዥ ውስጥ ሁለቱንም ዕቃ «ዲናሞ» ማለት የተለመደ ስለሆነ፣ እዚህ ዲናሞ የምንለው ረጅሙን፣ ሬጉሌተሩ (የሚሰጠውን ቮልት የሚቆጣጠረው ክፍል) በተለየ ሳጥን ውስጥ ያለውን አሮጌ ዕቃ ብቻ ነው።

መለወጡ ያዋጣል ወይ

ሲ40 ዲናሞ እንደ ዓይነቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ11 እስከ 22 አምፔር ይሰጣል፤ ለትራክተር ተብለው የተሠሩት ወደ ዝቅተኛው ያደላሉ። በሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጥ ሞተሩ በሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ደግሞ ምንም አይሰጥም ማለት ይቻላል። የትራክተራችሁን ፍጆታ ደምሩት፦ ሁለት የፊት መብራት በ45 ዋት፣ አንድ የማረሻ መብራት 55 ዋት፣ ሁለት የኋላ መብራት በ5 ዋት፣ ለሌሊት ሥራ የተጨመሩ ሁለት ሃሎጂኖች በ55 ዋት። ድምሩ 265 ዋት ነው፤ ለ13.5 ቮልት ሲካፈል ወደ 20 አምፔር ይመጣል። ባለ 11 አምፔሩ ዲናሞ ይህን ሁሉ ሲያበራ 9 አምፔሩን የሚያወጣው ባትሪው ነው፤ ሌሊቱን ሲያርስ ያደረ ትራክተር ጠዋት በግፊ የሚነሳው ለዚህ ነው። ባለ 22ቱም ቢሆን ለባትሪው የሚተርፈው 2 አምፔር ብቻ ነው። 36 አምፔር የሚሰጥ አልተርኔተር ግን መብራቱን ሁሉ አብርቶ 16 አምፔር ለባትሪው ይቀረዋል።

ትራክተሩ በቀን ብቻ የሚሠራ፣ ከሞተሪኖውና ከአንድ መብራት በቀር ምንም የማያንቀሳቅስ ከሆነ ግን ባይለወጥ ይሻላል። ለዲናሞው ካርቦን መቀየርና ዘንጉ የሚዞርበትን የኋላ ቦኮላ ማደስ በጣም ይረክሳል። መብራቱን በኤልኢዲ መተካትም አንድ መንገድ ነው፤ ነገር ግን ኤልኢዲ ፕላስና ማይነስ ይለያል፣ ብዙዎቹም ማይነሱን የሚያገኙት በቦዲያቸው በኩል ነው። ፖዘቲቩ ቦዲ የሆነ ትራክተር ላይ እንዳለ ቢያስሯቸው አይበሩም።

የትኛውን አልተርኔተር

ከሁሉ የሚቀናው የሉካስ ኤሲአር ዘር ነው። 15 ኤሲአር 28 አምፔር፣ 16 ኤሲአር 34፣ 17 ኤሲአር 36፣ 18 ኤሲአር ወደ 45 አምፔር ይሰጣል። ሬጉሌተሩ ውስጡ ነው። ከኋላው ሁለት ሰፋፊ ጫፎች አሉት፤ ሁለቱም የቻርጅ መውጫ ናቸው። ትንሿ ጫፍ የቻርጅ መብራቱ ናት። ከዚህ በኋላ የመጣው ሉካስ ኤ127ም ጥሩ ነው፤ ከ55 አምፔር ይጀምራል።

በእንግሊዝ ዕቃ ላይ የግድ ሙጭጭ አትበሉ። ሬጉሌተሩ ውስጡ ያለ፣ ባለ 12 ቮልት፣ ከ35 እስከ 60 አምፔር የሆነ ማንኛውም የቶዮታ ወይም የቦሽ አልተርኔተር ይሠራል። መርካቶ ሶማሌ ተራ ወይም ሌላ የአሮጌ ዕቃ ተራ ስትገዙ አራት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው፣ የናፍጣ ቶዮታ ፒክአፕ አልተርኔተሮች ብዙዎቹ ከኋላቸው የፍሬን ቫኩም ፓምፕ ተሸክመዋል፤ ፓምፑ ዘይት ይፈልጋል፣ ትራክተሩ ላይ ደግሞ የሚሰጠው የለም። ሁለተኛው፣ የአሮጌ ኮሮላ አንዳንዱ ሬጉሌተሩ ውጭ ነው። ሦስተኛው፣ የጭነት መኪና 24 ቮልት ነው። አራተኛው፣ በኮምፒውተር የሚታዘዙት የአዳዲስ መኪኖች አልተርኔተሮች ኮምፒውተሩ በሌለበት በትክክል ቻርጅ አያደርጉም።

90 አምፔርና ከዚያ በላይ የሆነ ዕቃ «ትልቅ ነው» ተብሎ አይገዛ። 36 አምፔር በ14 ቮልት 500 ዋት ነው፤ በአልተርኔተሩ ውስጥ የሚባክነው ሲታሰብ ከሞተሩ የሚወስደው ከ1 ፈረስ ጉልበት ትንሽ ይበልጣል። አንዷ ቀጭን የማራገቢያ ቺንጋ ይህን ያለ ችግር ትሸከማለች። 90 አምፔር ሲጠየቅባት ትንሸራተታለች፤ ያቺው ቺንጋ የውሃ ፓምፑንም ስለምታዞር ሞተሩ ይግላል።

ከመክፈላችሁ በፊት በእጅ አዙሩት። ኩሽኔታው ከተንኮሻኮሸ ወይም ዘንጉ ወደ ጎን ከተወዛወዘ ተዉት። ከተቻለ የኋላ ክዳኑን ከፍታችሁ ካርቦኖቹን እዩ፤ ከ5 ሚሜ ካነሱ ይቀየራሉ። ቴስተር ይዛችሁ ከሆነ የሮተሩን (የሚዞረውን የውስጥ ክፍል) ሁለት ቀለበቶች ለኩ፦ ከ2.5 እስከ 5 ኦም ካነበበ ጤነኛ ነው። ከቀለበት ወደ ዘንጉ ምንም ማንበብ የለበትም፤ ካነበበ ጠመዝማዛው ቦዲ ነክቷል፣ ሮተሩም አይረባም።

የባትሪው አቅጣጫ

ዲናሞ ይዘው ከመጡት የእንግሊዝ ትራክተሮች ብዙዎቹ ፖዘቲቫቸው ከቦዲ ጋር የታሰረ ነው። አልተርኔተሩ ደግሞ ኔጌቲቩ ቦዲ እንዲሆን ይፈልጋል። በገመዱ ቀለም አትመኑ፤ በዚህ ዕድሜ ሁሉም ጥቁር ሆኗል። ከባትሪው ወደ ቦዲ የሚሄደው ገመድ ከየትኛው ራስ እንደሚነሳ ተከተሉና ያን ራስ በቴስተር ለኩ። ወፍራሙ የባትሪ ራስ ፖዘቲቭ ነው፤ ቢሆንም ተገላብጦ ቻርጅ የተደረገ ባትሪ ስለሚያጋጥም መለካቱን አትዝለሉ።

ፖዘቲቩ ቦዲ ላይ ከሆነ መጀመሪያ የቦዲውን ገመድ ፍቱ፣ ከዚያ ሌላውን። ባትሪውን አዙራችሁ አስቀምጡት፤ ፖዘቲቩ ወደ ሞተሪኖ፣ ኔጌቲቩ ወደ ቦዲ ይሁን። ሁለቱ የባትሪ ራሶች ውፍረታቸው ስለሚለያይ አሮጌዎቹ ማሰሪያዎች አንዱ ይላላል፣ ሌላው አይገባም። በመዶሻ አታስገቡ፤ ራሱ ከውስጥ ይነቀላል። ሁለት አዲስ ማሰሪያ ግዙ። ለጊዜው ግን ምንም አታስሩ፤ ባትሪው እንደተፈታ ይቆይና ውጭ ወጥቶ በቻርጀር ይሞላ። የሞተ ባትሪ ይዞ የተነሳ አልተርኔተር ሙሉ ኃይሉን በዝቅተኛ ዙር ለመስጠት ሲታገል ከመጠን በላይ ይግላል።

አቅጣጫው ሲለወጥ የሚጎዳው ጥቂት ነው። አምፖል አይለይም። የፋብሪካው ሞተሪኖ በጠመዝማዛ እንጂ በማግኔት ስለማይሠራ የሚዞርበት አቅጣጫ አይለወጥም። ቋሚ ማግኔት ባለው አዲስ ዓይነት የተተካ ከሆነ ግን በኋላ ገመድ ከማሰራችሁ በፊት ለየትኛው አቅጣጫ እንደተሠራ አረጋግጡ። ሬዲዮና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ካለ ንቀሉት። ቤንዚን ሞተር ከሆነ የኮይሉ ሁለት ቀጫጭን ገመዶች ቦታ ይለዋወጣሉ።

ዲናሞውን ማውረድ

ኮፈኑን አንሱ። በዲናሞው ጀርባ ሁለት ገመድ አለ፤ ሰፊው ጫፍ ላይ ያለው «ዲ»፣ ጠባቡ ላይ ያለው «ኤፍ» ነው። ሳትፈቱ በፊት ናስትሮ ለጥፋችሁ ጻፉባቸው። ከዚያ የላይኛውን የማጥበቂያ ቡሎን አላልታችሁ ቺንጋውን አውጡ፣ ሁለቱን የታች ቡሎኖች ፍቱ።

ቡሎኖቹ የእንግሊዝ ኢንች ናቸው፤ የሚገባቸው መፍቻ 1/2 ኢንች ነው። የ13 መፍቻ የሚገባ ይመስላል፣ የዛገ ቡሎን ላይ ግን ጠርዙን ይበላዋል። አንዴ የተበላ ቡሎን ደግሞ ከሞተሩና ከማሰሪያው መሃል በሞረድ የሚደረስበት አይደለም። ከቀኑ በፊት ማታ ናፍጣ ወይም ዘይት አጠጥታችሁ አሳድሩት።

አንዳንድ ዲናሞ ከኋላው የዙር መለኪያውን ገመድ ያዞራል። የእናንተ እንዲህ ከሆነ አልተርኔተሩ ሲገባ የዙርና የሰዓት ቆጣሪው ይቆማል። ሰዓቱን ለጥገና የምትከታተሉበት ከሆነ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የሰዓት ቆጣሪ ከቁልፉ ላይ ማሰር ይቻላል።

ማሰሪያውና ቦኮላው

ዲናሞው ረጅም ስለሆነ የታች ጆሮዎቹ ተራርቀዋል። አልተርኔተሩ አጭር ነው። አሮጌው ማሰሪያ ላይ የፊተኛው ጆሮ ሲገጥም የኋላው በአየር ላይ ይቀራል። ቡሎኑን በጉልበት ስባችሁ ካጠበቃችሁት የአልተርኔተሩ ጆሮ አሉሚኒየም ነውና ወይ ያኔውኑ፣ ወይ ትራክተሩ ትንሽ ሲሠራ ይሰነጠቃል።

ስለዚህ እንዲህ ይሠራል። ከፊት ማሰሪያው ጆሮ እስከ ኋላው የሚደርስ አንድ ረጅም ቡሎን ውሰዱ፤ የአልተርኔተሩን ጆሮ ቀዳዳ ያለ ክፍተት የሚሞላ ይሁን፣ አብዛኛውን ጊዜ 8 ወይም 10 ሚሜ ነው። የማሰሪያው ቀዳዳ ከቡሎኑ ከሰፋ በቀለበት ይጥበብ እንጂ ቡሎኑ እየተወዛወዘ እንዲቀመጥ አይተው። ቡሎኑን አሳልፋችሁ አልተርኔተሩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንሸራተታችሁ ፑሌጃውን ከክራንኩና ከውሃ ፓምፑ ፑሌጃዎች ጋር አስተካክሉ። ይህ የሚለካው በዓይን አይደለም። ቀጥ ያለ ብረት ወይም ጠንካራ ማስመሪያ በክራንኩ ፑሌጃ ፊት ላይ ለጥፋችሁ ወደ አልተርኔተሩ አስረዝሙት። የሁለቱ ፑሌጃዎች ከንፈር ውፍረት የሚለያይ ከሆነ ልዩነቱን አስቡለት፤ እኩል መሆን ያለበት የቺንጋው ቦይ መሃል ነው። ከ2 ሚሜ በላይ ከተዛነፈ ቺንጋው በአንድ ጎኑ ይበላል፣ ሲሞቅም ይጮኻል።

ሲስተካከል ሁለት ክፍተት ይቀራል፦ አንዱ ከፊተኛው ጆሮ አጠገብ፣ ትልቁ ከኋላው ጆሮ እስከ ማሰሪያው። ሁለቱንም በካሊፐር ለኩና ቶርኖ ቤት ወፍራም ግድግዳ ካለው የብረት ቱቦ ቦኮላ አስቆርጡ። የግማሽ ኢንች የውሃ ቱቦ ቆርጦ ማስገባት የተለመደ ነው፤ ውስጡ ወደ 16 ሚሜ ስለሚሰፋ ግን 10 ሚሜ ቡሎን ላይ ይዋልላል፣ ጫፉም ከመጋዝ ሲወጣ ጠማማ ነው። ቦኮላው ጠማማ ከሆነ አልተርኔተሩም ጠማማ ይቆማል። አንድ ሚሜ የማይሞላ ጉድለት በሮንዴላ ይሞላል። ብዙ አልተርኔተሮች የኋላ ጆሯቸው ውስጥ የሚንሸራተት የብረት ቀለበት አላቸው፤ ትንሽ ክፍተት ቡሎኑ ሲጠብቅ ቀለበቱ ራሱ ተስቦ ይዘጋዋል። ዝጎ ከያዘ ከማሰራችሁ በፊት በመዶሻ ቀስ ብላችሁ አላቁት።

የላይኛው የማጥበቂያ ክንድ ብዙ ጊዜ አይደርስም ወይም ቦዩ ከጆሮው ጋር አይገጥምም። ከ5 እስከ 6 ሚሜ ውፍረት ካለው ጠፍጣፋ ብረት አዲስ አሠሩ። ከላሜራ የተሠራ ክንድ በናፍጣ ሞተር ንዝረት ቶሎ ይሰበራል።

የምትቦርሹት ቦታ አለ፦ ማሰሪያው ከሞተሩ፣ አልተርኔተሩም ከማሰሪያው የሚገናኙበት ገጽ ላይ ያለው ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ይፋቅ። በተጨማሪ ከአልተርኔተሩ ቦዲ ወደ ሞተሩ ብረት 6 ሚሜ ካሬ የሆነ አጭር ገመድ እሰሩ። አሮጌ ትራክተር ቀለም፣ ዝገትና ዘይት እላዩ ላይ ተደራርቦበታል፤ «ብረት ለብረት ተነካክቷል» ማለት ኤሌክትሪክ ያልፋል ማለት አይደለም።

ፑሌጃና ቺንጋ

የአዳዲስ አልተርኔተሮች ፑሌጃ ባለ ብዙ ቦይ ጠፍጣፋ ቺንጋ የሚይዝ ነው። የትራክተሩ ቺንጋ ግን ባለ አንድ ቦይ ስለሆነ ፑሌጃው መቀየር አለበት። የዲናሞው ፑሌጃ እንዳለ ወደ አልተርኔተሩ አይሄድም፤ የዘንጉ ውፍረትና የቁልፍ ቦዩ ብዙ ጊዜ አይገጥምም፣ በዚያ ላይ ሰፋ ያለ ነው። አነስ ያለ ፑሌጃ ነው የሚፈለገው።

ስሌቱ ቀላል ነው፦ የክራንኩ ፑሌጃ ስፋት ለአልተርኔተሩ ፑሌጃ ስፋት ይካፈላል፣ በሞተሩ ዙር ይባዛል። ለምሳሌ የክራንኩ 140 ሚሜ፣ የአልተርኔተሩ 70 ሚሜ ቢሆን ሞተሩ በደቂቃ 700 ዙር ሲል አልተርኔተሩ 1400 ይዞራል፤ ሞተሩ 2200 ሲደርስ 4400። አልተርኔተር በግምት ከ1000 እስከ 1200 ዙር ላይ ቻርጅ ማድረግ ስለሚጀምር ይህ በቂ ነው። ከ60 ሚሜ ያነሰ ፑሌጃ ግን ቺንጋውን አጥብቆ ስለሚያጥፈው ይሰነጣጥቀዋል።

ፑሌጃውን ስትቀይሩ የተራውን ቅደም ተከተል አስተውሉ፦ ቦኮላ፣ ማራገቢያ፣ ፑሌጃ፣ ስፕሪንግ ሮንዴላ፣ ዳዶ። ቦኮላው ከተረሳ ማራገቢያው ቦዲውን ይፈጫል። ዘንጉን ለመያዝ ካቻቪቴ በማራገቢያው ክንፎች መሃል አትሰኩ፤ አሮጌ ቺንጋ በፑሌጃው ዙሪያ ጠምጥማችሁ ጫፎቹን በሞርሳ ብታጠብቁ ይቆማል።

የቺንጋውን ልክ የሚነግራችሁ ገመድ ነው። አልተርኔተሩን በማጥበቂያው ቦይ ውስጥ ወደ ሞተሩ ካለው ጫፍ ትንሽ አውጥታችሁ፣ በፑሌጃዎቹ ዙሪያ ገመድ አዙሩና ለኩ። ቺንጋው ላይ የሚጻፈው ስፋቱና ርዝመቱ ነው፤ 13 × 1000 ማለት የላይ ስፋቱ 13፣ ርዝመቱ 1000 ሚሜ ነው። ሲገባ ጀርባው ከፑሌጃው ከንፈር ጋር እኩል መሆን አለበት። ቺንጋ የሚይዘው በጎኑ ነው፤ ወደ ታች ሰምጦ የቦዩን ወለል ከነካ የቱንም ያህል ቢወጠር ይንሸራተታል።

ሲወጠር በረጅሙ ክፍል መሃል በአውራ ጣት ሲጫኑት ከ10 እስከ 13 ሚሜ ይግባ። ወጥሮ ማሰር ጥንቃቄ የሚመስላቸው አሉ፤ የሚያተርፉት የውሃ ፓምፕና የአልተርኔተር ኩሽኔታ መብላት ነው። ስትወጥሩም በእንጨት የፊት ለፊቱን ቦዲ ብቻ ግፉ እንጂ የኋላ ክዳኑን አትንኩ።

ገመዱ

የድሮው የሬጉሌተር ሳጥን ከአልተርኔተር ጋር አይሠራም። ገመዶቹን ግን ሁሉንም አትንቀሉ፤ የተወሰኑት ያስፈልጋሉ። በሉካስ አርቢ106 ላይ አምስት ጫፎች አሉ፦ «ኤ» ከባትሪ የሚመጣው፣ «ኤ1» ወደ ቁልፍና መብራት የሚሄደው፣ «ዲ» እና «ኤፍ» ወደ ዲናሞ፣ «ኢ» ወደ ቦዲ። የቻርጅ መብራቱ ገመድም ከዲ ጋር ተደርቦ የታሰረ ነው። ኤ1 የሌላቸው በኋላ የመጡት ሳጥኖች ላይ የባትሪው ጫፍ «ቢ»፣ የቻርጅ መብራቱ ደግሞ የራሱ «ደብሊው ኤል» የሚባል ጫፍ አለው።

ከዲ ላይ ካሉት ሁለት ገመዶች ወፍራሙ የዲናሞው፣ ቀጭኑ የመብራቱ ነው። በኋላ ባትሪው ሲታሰር ቁልፉን ከፍታችሁ ቀጭኑን በቴስተር ስትለኩ 12 ቮልት ታነባላችሁ፣ ቁልፉ ሲዘጋ ይጠፋል።

አሁን፦

1. ከአልተርኔተሩ የቻርጅ መውጫ አዲስ ገመድ ዘርጉና ሞተሪኖው ላይ የባትሪው ወፍራም ገመድ ከሚያርፍበት ቡሎን ጋር እሰሩ። ለ36 አምፔር ርዝመቱ እስከ 2 ሜትር 6 ሚሜ ካሬ ይበቃል፤ ለ55 እና ከዚያ በላይ 10 ሚሜ ካሬ ይሁን። በሞተሪኖው በኩል ባለው ጫፍ አጠገብ 60 አምፔር ፊውዝ አስገቡ፤ አልተርኔተሩ 55 ወይም 60 አምፔር ከሆነ 80 ይሁን። ካፖኮርዳው (የገመዱ ጫፍ የብረት ማያያዣ) በደንብ ይጨመቅ።

2. የድሮውን ቀጭን የኤፍ ገመድ በሞተሩ በኩል ካለው ጫፍ ከአልተርኔተሩ ትንሽ የመብራት ጫፍ ጋር፣ በሳጥኑ በኩል ካለው ጫፍ ደግሞ ከቻርጅ መብራቱ ገመድ ጋር አገናኙት። አዲስ ገመድ መዘርጋት አያስፈልግም።

3. ኤ እና ኤ1 ላይ የነበሩትን ገመዶች በአንድ ቡሎን አጋጥማችሁ በናስትሮ ሸፍኑ። ድሮ ኤሌክትሪኩ ከኤ ወደ ኤ1 የሚያልፈው በሳጥኑ ውስጥ ባለ ጠመዝማዛ በኩል ነበር፤ ሳጥኑ ሲወጣ ካልተጋጠሙ ቁልፉም መብራቱም ይሞታሉ። ኤ1 በሌለው ሳጥን ላይ ቢ ላይ ያሉት ገመዶች ሁሉ አብረው ይቆዩ።

4. ወፍራሙን የዲ ገመድ ሁለቱንም ጫፍ ሸፍናችሁ ተዉት። በድሮ የአቀያየር ሥዕሎች ላይ ይህን ገመድ የቻርጅ መውጫ ማድረግ ይታያል። ገመዱ የተሠራው ለዲናሞው 11 ወይም 22 አምፔር ነው፤ 36 ሲያልፍበት ይግላል፣ ሽፋኑም በዚህ ዕድሜው ይፈረከሳል።

5. አምፔር መለኪያ ካለ አውጡት፤ ሁለቱን ገመዶቹን አጋጥማችሁ ሸፍኑ። አዲሱ የቻርጅ ገመድ በእሱ በኩል ስለማያልፍ ቢቆይም የሚያሳየው ወጪን ብቻ ነው። በቦታው ከቁልፉ የሚመገብ ቮልት መለኪያ ይግባ።

ቶዮታ ከሆነ ሦስት ቀጫጭን ጫፎች አሉት፦ «ኤል» ወደ ቻርጅ መብራት፣ «አይጂ» ቁልፉ ሲከፈት ኤሌክትሪክ ወደሚያገኝ ገመድ፣ «ኤስ» በቀጥታ ወደ ባትሪ ፖዘቲቭ። አይጂ ካልታሰረ ሬጉሌተሩ አይነሳም። ቦሽ ላይ የመብራቱ ጫፍ «ዲ ፕላስ» ይባላል።

የቻርጅ መብራቱ ለጌጥ አይደለም። አልተርኔተሩን የሚያነቃው በእሱ በኩል የሚያልፈው ትንሽ ኤሌክትሪክ ነው፤ ልኩም 12 ቮልት 2.2 ዋት አምፖል ነው። በኤልኢዲ ከተተካ የሚያልፈው አይበቃም፤ ኤልኢዲ የግድ ከሆነ 68 ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር ጎን ለጎን ይታሰርለት። መብራቱ የሚመገበው ከቁልፉ በኋላ ካለ ገመድ መሆን አለበት። በቀጥታ ከባትሪ ከታሰረ ትራክተሩ ቆሞም ሌት ተቀን ይበላል፤ በቀን ከ4 አምፔር ሰዓት በላይ ነው፣ 75 አምፔር ሰዓት ባትሪ በሁለት ሳምንት ገደማ ባዶ ይሆናል።

ከማስነሳት በፊት መተው ያለባቸው የዲናሞ ልማዶች

ዲናሞ ከታደሰ በኋላ ኤፍ ጫፉን ከባትሪ ጋር ብልጭ ማድረግ የግድ ነበር። አልተርኔተር ላይ ይህ ሬጉሌተሩን ያቃጥላል፤ አያስፈልገውምም። ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ገመድ ነቅሎ «ቻርጅ ያደርጋል ወይ» ብሎ መሞከርም እንዲሁ ነው፦ ባትሪው ሲነቀል ቮልቱ በቅጽበት ይዘልና ዳዮዶቹን (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉትን የአልተርኔተሩን ክፍሎች) ይበሳቸዋል። ትራክተሩ ላይ ብየዳ ሲሠራ የባትሪውም የአልተርኔተሩም ገመድ ይፈታ። ባትሪው ሲደክም ከጭነት መኪና 24 ቮልት ተውሶ ማስነሳት ድሮ ያልፍ ነበር፤ አሁን አያልፍም።

መጀመሪያ ማስነሳት

ቁልፉ ዝግ፣ መብራቶች ሁሉ የጠፉ ይሁኑ። ፖዘቲቩን እሰሩ። ኔጌቲቩን ግን ገና አትሰሩ፤ በባትሪው ኔጌቲቭ ራስና በገመዱ መሃል የፍሬቻ 21 ዋት አምፖል አስገቡ። አምፖሉ ካልበራ ደህና ነው፤ አውጥታችሁ ገመዱን እሰሩ። ደምቆ ከበራ ወይ ባትሪው ተገልብጧል፣ ወይ አንድ ገመድ ቦዲ ነክቷል። አምፖሉ ባይኖር በዚያች ቅጽበት የአልተርኔተሩ ዳዮዶች አልቀው ነበር። ይህችን ነገር መዝለል የለባችሁም።

ቁልፉን ስትከፍቱ የቻርጅ መብራቱ ይበራል። ሞተሩ ተነስቶ ትንሽ ጋዝ ሲያገኝ ይጠፋል። ለጥቂት ደቂቃ ከሠራ በኋላ ወደ 1500 ዙር አድርጋችሁ በባትሪው ራሶች ላይ ለኩ፤ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ይነበብ። መብራቱን ሁሉ ስታበሩ ከ13.3 በታች እንዳይወርድ።

መብራቱ ሁሉ በርቶ እያለ ሁለት ልኬት ይቀራል። የቴስተሩን አንድ ጫፍ የአልተርኔተሩ የቻርጅ መውጫ ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ፖዘቲቭ ራስ ላይ አድርጉ፦ ከ0.3 ቮልት መብለጥ የለበትም። ከዚያ ከአልተርኔተሩ ቦዲ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ፦ ከ0.2 አይበልጥ። የመጀመሪያው ከበለጠ ገመዱ ቀጭን ነው ወይም ካፖኮርዳው ላልቷል፤ ሁለተኛው ከበለጠ ያልተፋቀ ቀለም ወይም የዛገ የቦዲ ገመድ ፈልጉ። ከ2 እስከ 3 ሰዓት ሥራ በኋላ አዲሱ ቺንጋ ስለሚላላ ድጋሚ ይወጠር፣ የቦኮላው ቡሎንም ይታይ።

ሲያስቸግር

ቁልፉ ተከፍቶ የቻርጅ መብራቱ ካልበራ ቀጭኑን ገመድ ከአልተርኔተሩ አውጥታችሁ ቦዲ አስነኩት። ከበራ ገመዱና አምፖሉ ጤነኛ ናቸው፤ ጥፋቱ ካርቦኑ ወይም ሮተሩ ነው። ካልበራ አምፖሉን እዩ።

በሚኒሞ ቻርጅ የማያደርግ፣ አንዴ ጋዝ ከተሰጠው በኋላ ግን የሚሠራ ከሆነ በመብራቱ በኩል በቂ ኤሌክትሪክ አያገኝም፤ አምፖሉ ከ2.2 ዋት ያነሰ ወይም ኤልኢዲ ነው። የሚነቃው በሮተሩ ላይ በቀረችው ትንሽ ማግኔት ብቻ ነው።

ሮተሩ ይሥራ አይሥራ ለማወቅ፣ ሞተሩ ቆሞ ቁልፉ ተከፍቶ ካቻቪቴ ወደ ፑሌጃው ዳዶ ወይም ከኋላ ወዳለው የዘንጉ ጫፍ አስጠጉ። ከሳበው ኤሌክትሪኩ ደርሶታል።

ከ14.8 ቮልት በላይ ካነበበና የባትሪው ውሃ ቶሎ ቶሎ ካለቀ ሬጉሌተሩ ነው። ቶዮታ ላይ ግን ሬጉሌተሩን ከመግዛታችሁ በፊት የኤስን ገመድ እዩ፤ በላላ ማገናኛ በኩል ዝቅ ያለ ቮልት ካነበበ ያለ ጥፋቱ አብዝቶ ይሰጣል።

ጋዝ ሲሰጠው የሚጮህና የቻርጅ መብራቱም የሚያብለጨልጭ ከሆነ ቺንጋው እየተንሸራተተ ነው። ከወጠራችሁት በኋላም ከቀጠለ የቦዩን ወለል ነክቶ እንደሆነ እዩ። ናፍጣ ወይም ዘይት የነካው ቺንጋ አይታጠብም፣ ይቀየራል።

ባትሪው ሌሊት ካለቀና ጠዋት አልተርኔተሩ ሞቅ ብሎ ከተገኘ፣ ወይም ቁልፉ ተዘግቶም የቻርጅ መብራቱ በደካማው ከበራ ዳዮድ አልፏል። ለማረጋገጥ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ፣ የአልተርኔተሩን ወፍራም ገመድ አውጥታችሁ ጫፉን ሸፍኑ፣ ኔጌቲቩን መልሳችሁ አሳድሩት። ጠዋት ባትሪው ደህና ከሆነ የሚቀየረው የዳዮዱ ሳህን ነው፤ ሮተሩና ኩሽኔታው ደህና ከሆኑ አልተርኔተሩ በሙሉ አይጣልም። ገመዱ ተነቅሎም ካለቀ ግን አልተርኔተሩን ተዉትና መብራቶቹንና የቁልፉን ገመድ አንድ በአንድ እየፈታችሁ ፈልጉ።